ለፈረንጅ ጋን የተነደፈ ጥጥ

አርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ገበያ ጀርባ፣ ጠዋት ጠዋት የደጋን ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰፈርተኛው ሰዓት የሚያውቀው በዚያ ነው። በለጥሽ ጥጥ መንደፍ ከጀመረች አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ደጋኗን ግድግዳ ላይ ከሰቀለች ደግሞ ምሳ ደርሷል ማለት ነው። ፈታይ በየቤቱ ሞልቷል። ነዳፊ ግን በለጥሽ ናት፣ ክርክር የለውም። ከጥቂት እፍኝ ጥጥ ቅርጫት ሙሉ ባዘቶ ታወጣለች፤ የሚያይ ሰው ከየት እንዳመጣችው አይገባውም።

"የሚያሞቀው ጥጡ መስሏችኋል?" ትላለች፣ ሥራዋን ቆሞ የሚያይ ካገኘች። "ጥጡ አይደለም። በመካከሉ ያለው ባዶ ነው። ስትጨፈልቁት ባዶው ይወጣና ብርድ ይገባል።" ይህን ለስንት ሰው እንደነገረች ራሷም አታውቀውም። የሚሰማትም አልነበረም፤ ጋቢ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ባዶ ምን አገባው።

የተወለደችው ኦቾሎ ነው፣ ከዓባያ ሐይቅ በላይ ካለው ተራራ ጫፍ፣ ከሸማኔ ቤት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ በጋሪ የሚያመላልስ ሰው አግብታ ወደ ቆላ ወረደች። ሙቀቱን ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጀባት፤ ባሏን ለመልመድ አንድ ሳምንት በቃት። እሱ ሲሞት ሁለት ክፍል ቤትና ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ተወላት። ልጅ አልነበራቸውም። ቡሬን የሚያውቅ ግን በለጥሽ ብቻዋን ናት አይልም፤ ሴትዮዋ ጥጥ ስትነድፍ ላሟ ከበረቱ አንገቷን አውጥታ ታያታለች፣ ሁለቱም ያመነዥካሉ ብሎ ሰፈሩ ይስቃል፤ በለጥሽ ጫት ባትቅምም ስትሠራ አፏ ከወሬ አያርፍም ነበርና።

አንደኛውን ክፍል ያከራየችው ለተስፋጽዮን ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ቀጭን፣ ትሁት ወጣት፣ ሥራው ላሞችን ማዳቀል። ኮርማ ይዞ አይዞርም፤ የኮርማ ዘር ይዞ ነው የሚዞረው። ሰፈሩ ወዲያው "ኮርማው" የሚል ስም አወጣለት፤ እሱም ጥቂት ከቀላ በኋላ ለመደው። ቤት የገባ ዕለት ከፍራሹ ቀድሞ ያስገባው አንድ የአሉሚኒየም ዕቃ ነበር። ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ። መሥሪያ ቤቱ ኮንቴይነር ይለዋል። በለጥሽ አንድ ጊዜ አይታው የፈረንጅ ጋን አለችው፤ "እሷ" እያለችም እንደ እንግዳ ታከብረው ጀመር።

"ምን ጠላ አለባት?" ብላ ጠየቀችው።

"ጠላ አይደለም፣ እትዬ በለጥሽ። ናይትሮጂን ነው፤ እንደ ውሃ የሚፈስ ብርድ በሉት። ከበረዶ ስንት እጥፍ ይበርዳል። የኮርማው ዘር በቀጭን ቀሰም ሆኖ እሱ ውስጥ ይቀመጣል። ብርዱ እስካለ ድረስ ለዓመታት አይሞትም።"

"ብርዱስ እንዴት አይወጣም?"

ተስፋጽዮን ፔርሙሷን አንስቶ አሳያት። "እንደዚህ ነው። ሁለት ግድግዳ አለው። በመካከላቸው ያለው አየር በማሽን ተስቦ ወጥቷል። ምንም የለም። ሙቀት ከውጭ መጥቶ የሚረግጠው መሬት ያጣል።"

በለጥሽ ደጋኗን አስቀምጣ ወደ ፈረንጁ ጋን በአድናቆት አየች። "ባዶ ነው በለኛ" አለች። ደስ ብሏት ዋለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ንግግሯን የተረዳላት የመጀመሪያው ፍጥረት ይህ ዕቃ ነበር።

አሁን ወደ ቡሬ እንምጣ፣ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። ቡሬ ከመንደር ኮርማ በሽታ ይዛ ሁለት ጊዜ አስወረዳት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ወተት የለ፣ ጥጃ የለ። የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የሰፈሩ የመስቀል ቅርጫ ሰብሳቢ ናቸው፤ በጋሞ አገር መስቀል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚታሰበው ለዚያ ቀን ሥጋ ነው። እሳቸው በየሳምንቱ እየመጡ የቡሬን ጎን ዳበስ ያደርጋሉ። "መሲና ሆናለች፣ በለጥሽ። ሰብታለች። አንቺም ታውቂዋለሽ።" ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ በፋሲካ ሰሞን፣ በሽማግሌ ፊት፣ በለጥሽ ቃሏን ሰጠች። ቡሬ እስከ መስቀል ካላረገዘች ለቅርጫው ትሰጣለች። በዚያ አገር በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም።

ተስፋጽዮን ላሟን አክሞ አዳናትና ከመንደር ኮርማ ያርቋት አላት። በንጹሕ ዘር አንድ ጊዜ ከተዳቀለች ትይዛለች ብሎም ተስፋ ሰጣት። ላም ኮርማ የምትፈልገው በሃያ አንድ ቀን አንዴ ነው። በመጀመሪያው እሱ ጨንቻ ለሥራ ወጥቶ አመለጣት። በሁለተኛው ናይትሮጂን አልነበረም። ሦስተኛው ግንቦት አሥራ ሁለት ላይ እንደሚሆን በለጥሽ በጣቷ ቆጥራ አወቀች። ዘመኑ ሰማንያ ስምንት ነው። ከዚያ ካለፈ፣ የቅርጫው ከብት በሚመረጥበት በነሐሴ መጨረሻ እርግዝናው ሦስት ወር አይሞላውም፣ በእጅም በእርግጥ አይታወቅም፤ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስም ቢላቸውን ይስላሉ።

ግንቦት ሦስት ቀን፣ ገና ዘጠኝ ቀን ሲቀር፣ በለጥሽ ክፍሉን ልትጠርግ ገብታ ኮንቴይነሩን አየችው። አልቦታል። ትከሻውና አንገቱ ላይ ውሃ ዘርቷል፤ አንገቱ ሥር ደግሞ ነጭ ውርጭ ይዟል።

"ተስፋዬ፣ እንግዳዋ ታማለች" አለችው።

ተስፋጽዮን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ዕቃው አሮጌ ነው፤ በሁለቱ ግድግዳ መካከል አየር ሾልኮ ገብቷል። አንዲት ቀጭን ዱላ ወደ ውስጥ አስገብቶ አወጣና ውርጭ የያዘበትን ለካ። አሥር ጣት ቀርቷል። በማግስቱ ሲለካ ስምንት ጣት ተኩል። ቀሰሞቹ እንዳይሞቱ ቢያንስ ሁለት ጣት ያስፈልጋል። ላይኛው ከተማ ሴቻ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ባዶ ነው፤ ናይትሮጂን የሚያመጣው መኪና ደግሞ በዝናቡ ድልድይ ፈርሶ ወላይታ ላይ ቆሟል። መቼ ይመጣል? ውሃው ሲጎድል። ውሃው መቼ ይጎድላል? ዝናቡን የሚያዘው ያውቃል።

"ከአራት ቀን ብዙም አያልፍ" አለ ተስፋጽዮን፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ። "ይቅርታ፣ እትዬ በለጥሽ። አልደርስልዎትም።"

በለጥሽ ትታው ወጣች። ወደ ራሷ ክፍል ገባችና በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን አምስት ቅርጫት ባዘቶዎች አየች። የራሷ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ለሰው ስትነድፍ ኖራ የራሷን ጋቢ ለብሳ አታውቅም፤ የባሏን አሮጌ ጋቢ ነው ስትደራርብ የኖረችው። ዘንድሮ ለመስቀል አዲስ ጋቢ ልታሠራ፣ ኦቾሎ ካለው ሸማኔ ወንድሟ ከገብረ ማርያም ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። አዘነች፣ ውሸት የለውም። ከዚያ ሁለት ቅርጫት በግራ፣ ሁለት በቀኝ አንጠልጥላ ወጣች።

"ባዶዋ ከጠፋባት እኛ ባዶ እንስጣት" አለች።

ተስፋጽዮን መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ብድግ አለ። ከሥሩ ባዘቶ አነጠፉለት፣ በጎኑ አለበሱት፣ ትከሻውን አጎናጸፉት፣ አፉን ብቻ ተዉለት። ልጁ በገመድ ጠፍሮ ሊያስር ሲል በለጥሽ እጁን መታ አደረገችው። "ባዶውን ልታስወጣው ነው? ስትማር ምን አስተማሩህ?" በአሮጌ ነጠላ ላላ አድርጋ ጠመጠመችው።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ለተለመደው ዳበሳ መጥተው ይህን ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። "ብርድ ነገር ጋቢ ለብሶ እንዳይሞቅብሽ አትፈሪም?"

"ጋሼ፣ ጋቢ ሙቀት የሚሰጥ ይመስልዎታል? ጋቢ በር ነው የሚዘጋው። የእርስዎ ሙቀት እንዳይወጣ ይዘጋል፤ እሷን ደግሞ የውጭው ሙቀት እንዳይገባባት።"

ሰውየው ተቀምጠው አሰቡበት።

በማግስቱ ዱላው ሲለካ ሰባት ጣት ተኩል ሆነ። አንድ ጣት ብቻ ጎደለ። ተስፋጽዮን በደስታ በለጥሽን አቅፎ ሳማት። በሁለተኛው ቀንም አንድ ጣት። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ተኩል ጎደለና አምስት ቀረ። በለጥሽ እጇን ነጠላው ውስጥ አስገባች፤ ባዘቶዋ ርሶ፣ ከብዶ፣ ከብረቱ አጠገብ በረዶ ሠርቶ አገኘችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ የተበላሸ ጥጥ አይታ አታውቅም። ስድብ አፏ ላይ መጣ።

"ውሃው ከየት መጣ? እንግዳዋ ታፈሳለች?"

"አታፈስም" አለ ተስፋጽዮን። "ከአየሩ ነው። የዓባያ አየር ውሃ የጠጣ ነው። በጥጡ መሃል አልፎ ብርዱ ጋ ሲደርስ ውሃውን እዚያ ይጥላል።"

በለጥሽ የራሰውን ጥጥ በእጇ ይዛ ቆመች። የኦቾሎው የአባቷ ቤት ትዝ አላት። ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ ከላይ በደረቀ የእንሰት ሽፋን የለበሰ ቤት ነው። ደመና ጓሮ ድረስ የሚገባበት አገር ላይ፣ ውስጡ ግን እንደ አመድ ደረቅ ነው። ሽፋኑን ማንም ከውስጥ አያደርገውም። ከውጭ ነው።

"እኛ ግድግዳ ሠርተን ጣሪያ ረሳን" አለች።

ያን ቀን ቤቱ ሥራ ቤት ሆነ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚገባውን ወፍራም ላስቲክ ይዘው መጡ፤ ለምን እንደሚያግዙ ራሳቸውም አልጠየቁም። በለጥሽ የመጨረሻውን ቅርጫትና ከጎረቤት የተዋሰችውን ጥጥ እንደ አዲስ ነደፈች፤ የራሰውን ፀሐይ ላይ ዘረጋች። አዲሱ ባዘቶ ከበፊቱ ወፍራም ሆኖ ተደረበ፤ በላዩ ላስቲኩ መጣ፤ መጋጠሚያው ሁሉ በቀለጠ ሰም ተደፈነ። ከአንገቱ ዙሪያ ሰሙን በጣቷ እየዳበሰች ቀዳዳ ፈለገች፤ አላገኘችም። በማግስቱ ግማሽ ጣት ብቻ ጎደለ። አራት ተኩል። ተስፋጽዮን ደጋግሞ ለካው፤ አላመነም።

ችግሩ በለጥሽ መደፈን መውደዷ ነው። በማግስቱ ጠዋት እሱ ስለ መኪናው ሊጠይቅ ሴቻ ወጣ። እሷ ጥጧን እየነደፈች ኮንቴይነሩን ስታየው፣ ከአፉ ክዳን ዙሪያ ስስ ነጭ ጭስ ሲወጣ አየች። ልቧ ደነገጠ። ይህን ሁሉ ደፍነን አፏን ረሳን ማለት ነው፤ ጣሪያ ሠርቶ በር ክፍት መተው። የተረፈውን ሰም አቀለጠችና እንደ ጠጅ ጋን አፉን ዙሪያውን ጥርቅም አድርጋ ደፈነችው። ተመልሳ ተቀመጠች፤ በራሷ ኮራች፤ ደጋኗን አነሣች።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቤቱ ውስጥ "ጧ" አለ። ክዳኑ ተፈናጥሮ የቆርቆሮውን ጣሪያ መትቶ ቡሃቃው ውስጥ ወደቀ። ዶሮዎቹ በመስኮት ወጡ። ነጭ ጉም ከአፉ ተነሥቶ ክፍሉን ሞላው። ቡሬ በበረቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ጮኸች። በለጥሽ ጥጥ በጥጥ ሆና በሩ ላይ ቆመች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ።

"ምን ሆነ?" አሉ።

"ኮርማው ወጣ" አለች በለጥሽ፣ ሌላ ቃል ስላጣች።

አንዷ ጎረቤት እውነት መስሏት ልጇን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ተስፋጽዮን ሲደርስ በለጥሽ ክዳኑን በእጇ ይዛ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ቡሬን በገዛ እጇ የገደለቻት መስሏታል። ሮጦ ገብቶ ዱላውን አስገባ። አራት ጣት። ግማሽ ብቻ ነው የጎደለው፤ ቀሰሞቹም ደህና ናቸው። ክዳኑን ላላ አድርጎ መለሰና አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልነገርኩዎትም" አለ። "ናይትሮጂኑ ሁልጊዜ ጥቂት ጥቂት ይተናል። የሚተነው መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ሙቀቱ እንዳይገባ እንደፍናለን፤ ትንፋሹን ግን አንደፍንም።"

በለጥሽ እንባዋን ጠረገች። "ትተነፍሳለች?"

"ትተነፍሳለች።"

"ታዲያ እስካሁን በሕይወት አለች ማለት ነዋ" አለችና መሳቅ ጀመረች። ሳቁ አላቆም አላት፤ እሱም ተከተላት፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጭሱን ሳታይ ሥራ አትጀምርም፤ ጭሱ ካለ እንግዳዋ ጤነኛ ናት።

ሦስት ጣት ተኩል። ሦስት። ግንቦት አሥራ ሁለት ደረሰ፤ ዱላው ሁለት ተኩል አለ። ቡሬ ግን ጸጥ ብላ ሣሯን ትግጣለች። በለጥሽ ቀኑን ሙሉ ከበረቱ አልተነሣችም፤ ላሟን ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በጋሞኛም በአማርኛም መከረቻት። ምንም የለም። ተስፋጽዮን ነገ ሁለት ጣት ላይ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ከዚያ በታች ያለውን ግን ለመናገር አልደፈረም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዱላው ልክ ሁለት ጣት ሲል፣ ቡሬ አጥሩን ገፍታ ጮኸች። ጅራቷን አንሥታ፣ የጎረቤትን ጊደር እያሯሯጠች። በለጥሽ ደጋኗን ጥላ ስትሮጥ ሰፈሩ ያለ ሰዓቱ የሆነውን ጸጥታ ሰምቶ ነገሩ ገባው። ጠዋት የፈለገች ላም የምትዳቀለው ከሰዓት በኋላ ነው። ያ ግማሽ ቀን ካለፈው አሥር ቀን ረዘመ።

ከሰዓት በኋላ ተስፋጽዮን አንድ ቀሰም በመቆንጠጫ አወጣ። "ለብ ያለ ውሃ" አለ። በለጥሽ ውሃውን በክርኗ ለክታ በጣሳ አቀረበች። አሥር ቀን ሙሉ ከሙቀት የጠበቁትን ነገር አሁን በእጃቸው ሊያሞቁት ነው፤ ለዚያውም ከደቂቃ ላነሰ ጊዜ። ተስፋጽዮን ቀሰሙን ውሃው ውስጥ ነክሮ አወጣና ወደ ቡሬ ኋላ ሄደ።

መኪናው በሦስተኛው ቀን መጣ። ኮንቴይነሩ ተራግፎ ሲወጣ በለጥሽ ላስቲኩን ቀደደችና እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ጥጡ እንደገባ ደርቆ ወጣ። የተበደረችውን መልሳ የራሷን ፈትላ ለገብረ ማርያም ላከችው። ሥራ ለምዶ የመጣ ጥጥ ነው ብላ ላከችበት፤ ወንድሟ ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባውም፤ ሸመነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተስፋጽዮን ረጅሙን ጓንት አጥልቆ ከቡሬ ኋላ ቆመ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስም ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘው መጥተው ነበር፤ ቃል ቃል ነው። በለጥሽ የላሟን ቀንድ ይዛለች። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ፈለገ። ፍለጋው ሲረዝም በለጥሽ ግንባሯን ከቡሬ ግንባር ላይ አሳረፈች።

"ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ" አለ ተስፋጽዮን በመጨረሻ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ለመስቀል ሌላ ሰንጋ ይፈልጉ።"

ሰውየው ቆባቸውን አወለቁ። ከሁሉም አስቀድመው እልል ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እልልታ የሴት ነው ብለው የሚከራከሩ ሰው። መስቀል በሰንጋ ሥጋ አለፈ። በለጥሽ አዲሱን ጋቢዋን ለብሳ ዋለች፤ ማንም እንዳይነካባትም ከለከለች። ለሳምንት ሙሉ ሰፈሩን በጋቢ አስቸገረችው። ስትቀመጥ አጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ ቅቤ የነካ እጅ ሲጠጋት ትነሣለች።

የካቲት ውስጥ አንድ ከሰዓት፣ ያልታሰበ ነፋስና ዝናብ ከጋሞ ተራራ ሲወርድ፣ ቡሬ ወለደች። ጥጃዋ ነጭ ናት፤ እርጥብ፣ እግሯን ማቆም ያቃታት፣ ከራስ እስከ ጅራት የምትንቀጠቀጥ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጆንያ ፍለጋ ሲዞሩ በለጥሽ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውልቃ ጥጃዋን ጠቀለለቻት።

"እንዴ፣ አዲሱን ጋቢ?" አሉ።

"ይተዉት፣ ጋሼ" አለች፣ ጥጃዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ እያሻሸች። "ይህ ጥጥ ሥራውን ያውቃል።"